በመያዣ የተያዘው መዝጊያ

የአገሪቱን ስም አትጠይቁኝ፤ ብትጠይቁኝም አልናገርም። ከወንዝ ወዲህ ትሁን ከወንዝ ወዲያ፣ እሱንም ለእናንተ ትቼዋለሁ። አገሪቱ ግን ነበረች፤ ሰዎቿም እንደ እኔና እንደ እናንተ ማምሻውን እግራቸውን ታጥበው የሚተኙ፣ ሲነጋ ፊታቸውን ታጥበው የሚሮጡ ደህና ሰዎች ነበሩ።

በዚያች አገር ጎጆ የሚወጣ ሰው ግድግዳ ይሰጠዋል፣ ጣራ ይሰጠዋል፣ መቃንና ጉበን ይሰጠዋል። መዝጊያ ግን አይሰጠውም። ቤቱ የሚሠራው ከንጉሡ ጎተራ በሚወጣ ገብስ ነው፤ ባለቤቱም ገብሱን በየወሩ እየሰፈረ ይመልሳል። የመጨረሻዋ ቁና እስክትሰፈር ድረስ መዝጊያው በመያዣነት ቤተ መንግሥት ይቀመጣል። እስከዚያው በሩ ላይ ሰሌን ይንጠለጠላል። በሰሌን ነፋስ ይገባል፣ የጎረቤት ዶሮ ይገባል፣ ሹምም ይገባል። ሹሙ ሰሌኑን ገልጦ ሲገባ «ቤቶች!» ብሎ አይጣራም። የሚጣራው ለማን ብሎ? ቤቱ እንደሆነ ገና የንጉሥ ነው።

ሌላም ደንብ አለ። ሰሌን በተንጠለጠለበት ቤት የተወለደ ልጅ እትብቱ ሳይደርቅ ከአባቱ ዕዳ ሥር ስሙ ይጻፋል። አባቱ ቢሞት ወይም ቢደክም ልጁ ይሰፍራል። እንዲህ ያለው ልጅ የሰሌን ልጅ ይባላል። አገሬው ሁሉ የሰሌን ልጅ ስለነበር እንደ ነውር አይቆጠርም፤ እንደ ጉንፋን የሁሉም ነው።

ጫንያለው የሚባል አናጢ ግን ነገሩ ይከነክነው ነበር። እሱም የሰሌን ልጅ ነው። የአባቱን ዕዳ ሰፍሮ የጨረሰው ጢሙን ከላጨ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ገና ትከሻው ሳያርፍ ደግሞ ሚስት አግብቶ የራሱን ቤት ዕዳ ተሸከመ። ሥራው ምን መሰላችሁ? መዝጊያ መሥራት! በአገሩ ዋንዛ እንደ እሱ የሚያለሰልስ አልነበረም። የራሱንም መዝጊያ ራሱ ሠርቶ፣ ገና ዘይቱ ሳይደርቅ፣ በራሱ ትከሻ ተሸክሞ ወስዶ አስረክቧል። መካከሉ ላይ የበሬ ዓይን የምታህል አንጓ አለችው። ሌላውን ሁሉ ቢረሳ እሷን አይረሳትም።

አንድ ቀን ሚስቱ አንጓች ጥጧን እየፈተለች እንዝርቷን አቆመችና፣ «ሁለት ወር አልፎኛል» አለችው።

ጫንያለው እልል ማለት ሲገባው መጀመሪያ ዓይኑ የሄደው ወደ ሰሌኑ ነው። አንጓችም አየችው። «እኔም እሱን እያየሁ ነው የሰነበትኩት» አለች። «ልጄን ጸሐፊው ሰሌን ገልጦ ገብቶ፣ እኔ ደሜ ሳይደርቅ፣ በብዕሩ እንዲነካብኝ አልፈልግም። ሌላ ነገር አምጣልኝ አላልኩህም። መዝጊያ አምጣልኝ።»

«አመጣለሁ» አላት፤ ማለም ማለ።

የዕዳውን ነገር ላስረዳችሁ፤ አስቸጋሪ አይደለም። ዕዳው እናት ይባላል። እናቲቱ ባለችበት ቁጭ ብላ ቀን በቀን ትወልዳለች። ጨረቃ ጠፍታ በታየች ማግስት የመስፈሪያ ቀን ነው፤ ባለቤቱ አራት ቁና ገብስ ያመጣል። ከአራቱ አስቀድሞ የእናቲቱ ልጆች ይነሣላቸዋል፤ የተረፈው ከእናቲቱ ላይ ይቀነሳል። ያን ጊዜ የጫንያለው እናት ዕዳ ሃያ አራት ቁና ላይ ነበረች። ሦስቱን ቁና ልጆቿ ይበሉታል፤ ከእሷ ላይ የሚነሣው አንድ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ ሕፃኑ ድክ ድክ ብሎ ሄዶም ዕዳው አያልቅም። እስከ መውለጃዋ የቀረው ደግሞ ሰባት የመስፈሪያ ቀን ነው።

ጫንያለው በጣቱ ቆጠረ። በየወሩ ሦስት ቁና ምራቂ ቢጨምር ከእናቲቱ ላይ አራት አራት ይነሣል፤ አራት ሰባት ጊዜ ሃያ ስምንት። ይበቃል፣ ይተርፋልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው እምቢ ያለውን ሥራ ሁሉ ያዘ። የወፍጮ ቤት ጣራ አነሣ፣ የበግ በረት ሠራ፣ የሬሳ ሣጥንም አልቀረው። ገብሱ እጁ ሲገባ አንድ ቀን አያሳድረውም፤ ወሩ ገና ሲጋመስ ተሸክሞ ወደ ጎተራው ይሮጣል። ሰፋሪዎቹ ፈገግ ብለው ይቀበሉታል። «ጎበዝ ነህ! እንዳንተ ያለ ሰው ነው አገር የሚያቆመው» ይሉታል። እሱም ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል።

መዝገብ ማስነበብ አንድ ዶሮ ያስከፍል ስለነበር ሦስት ወር ሙሉ አላስነበበም። በሦስተኛው የመስፈሪያ ቀን፣ አራት ቁናውን ከሰፈረ በኋላ፣ ቀይ ዶሮውን በእግሯ አንጠልጥሎ የጎተራው መስኮት ላይ ቀረበ። እናቲቱ አሥራ ሁለት ደርሳለች ብሎ ልቡ ሙሉ ነው።

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠና፣ «እናት፣ ሃያ አንድ» ብሎ አነበበ።

«ደግመህ አንብብልኝ እስቲ።»

«ለመድገም ሌላ ዶሮ ነው።»

ጫንያለው ሌላ ዶሮ አልነበረውም። ወደ ጎተራው አለቃ አስገቡኝ ብሎ ለመነ። አለቃው የነገ ሹም ይባላል፤ የሹመቱ ስም ነው፣ እኔ አላወጣሁለትም። ለጠየቁት ሁሉ «ነገ ና» ስለሚል አገሬው አባ ቆይ ብሎታል። ሰፊ ሰው ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም፣ ሲቆጣም አይጮህም።

«ጌታዬ፣ ዘጠኝ ቁና ምራቂ አስገብቻለሁ። የት ደረሰ?»

«አለ እንጂ! የት ይሄዳል? የትዕግሥት ጎተራ ውስጥ ነው።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ይታገሣል» አለ አባ ቆይ።

«እስከ መቼ ጌታዬ?»

«ዓመቱ ሲያልቅ ንጉሡ ወጥተው ይመርቁታል። ያን ጊዜ፣ ነቀዝ ያልበላው ተሰፍሮ፣ ከእናቲቱ ላይ ይነሣልሃል።»

«ሚስቴ ከዚያ በፊት ትወልዳለች።»

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለው አባ ቆይ፤ ከልቡ ነበር ደግሞ። «ምን አስቸኮለህ? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ሌላ ጥያቄ ካለህ ነገ ና።»

«ይህ ደንብ መቼ ተነገረን?»

«በየዓመቱ በአዋጅ ይነበባል» አለ ሹሙ። እውነቱን ነው፣ ይነበባል። ለንጉሥ ጀርባ መስጠት ነውር ስለሆነ ግን አዋጅ ነጋሪው የሚያነበው ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አዙሮ ነው። ሕዝቡ የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ቃሉን ነፋስ ይወስደዋል። ሲጨርስ ሁሉም እልል ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጫንያለው ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ለአንጓች ሲነግራት እንባው መጣ፤ አልደበቃትም። እሷ አላለቀሰችም፣ ተናደደች። «ዘጠኝ ቁና! የእኔን አፍ ዘግተህ ለነቀዝ ነው የቀለብከው?» አለችው። ኋላ ደግሞ አሳዘናትና አጠገቡ ተቀመጠች። «በል ተነሥ። አያ ውቤ ጎተራ ውስጥ አርጅተው የወጡ ሰው ናቸው። ባለፈው አልጋቸውን በነፃ ጠግነህላቸዋል። ሄደህ ጠይቃቸው።»

አያ ውቤ ሠላሳ ዓመት ሰፋሪ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቁና መጨበጥ ብዛት ጣቶቻቸው ታጥፈው ቀርተዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባል የለ? እሳቸው ሳይበሉ የተሻሩ ናቸው፤ በራቸው ላይም ዛሬም ሰሌን ነው።

ጫንያለው የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ሳያቋርጡ ሰሙት።

«አያ ውቤ፣ ምን ይሻለኛል? ስንት ብጨምር ነው የሚያልቅልኝ?»

ሽማግሌው ዝም አሉ።

«ስንት ነው? አምስት? ስድስት? ይንገሩኝ እንጂ!»

«ልጄ» አሉ በመጨረሻው፣ «ሰፋሪ ሲሾም ይምላል። ለተጠየቀው እንጂ ላልተጠየቀው አይመልስም። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰፍር ሁሉም ሰው ስንት ይለኝ ነበር። ስንት ቀረኝ፣ ስንት ሰጠሁ፣ ስንት ልጨምር። አሁን አንተም ስንት አልከኝ።» ይህን ብለው ዓይናቸውን ተከሉበት፤ አለመናገሩ እሳቸውን ራሳቸውን የጨነቃቸው ይመስላሉ።

ጫንያለው አናጢ ነው። እርጥብ እንጨት ሲጠርቡት ልክ ነው፣ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ስፋቱን ብቻ ሳይሆን የተቆረጠበትን ወራት መጠየቅ የዕለት ሥራው ነው። አሰበና ቀስ ብሎ፣ «አያ ውቤ፣ ምራቂ የሚገባው መቼ ነው?» አላቸው።

ሽማግሌው እንደ ሕፃን ሳቁ። «እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! ይህችን ሳልሰማ እሞታለሁ ብዬ ነበር እኮ!» አሉና የታጠፉ ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «ከመስፈሪያ ቀን አስቀድሞ የመጣ ወደ ትዕግሥት ጎተራ ነው፤ አይተኸዋል። በመስፈሪያው ቀን አብሮ የመጣ ደግሞ የመጪው ወር ስፍር ነው ተብሎ ይቀመጣል፤ እናቲቱ አንዲት ፍሬ ሳትቀንስ መውለዷን ትቀጥላለች። አንድ ቀን ብቻ አለች። የመስፈሪያው ማግስት ማለዳ። የትናንቶቹ ልጆች በልተው ጨርሰዋል፣ የዛሬው ገና አልተወለደም፤ እናቲቱ ብቻዋን ናት። የፀሐይ ጮራ ከጎተራው ደጅ ዋርካ ጫፍ ወደ ግንዱ ሳይወርድ ደርሰህ ‹ከእናቲቱ ላይ› በል። ሰፋሪው ቃሉን እስኪደግምልህ ድረስ ከቁናው ላይ እጅህን እንዳታነሣ። እናቲቱ ስትከሳ ልጆቿም ያንሳሉ፤ የምትሰፍራት አራት ቁናም ያን ጊዜ ለራስህ መሥራት ትጀምራለች።»

«ደንብ ነው ይህ?»

«ደንብ ነው! ደንቡማ መቼ ጠፋ?»

ጫንያለው በማግስቱ ትልቁን መጋዙን ለአንድ ባለጠጋ ሸጠ። መጋዙ የአባቱ ነበር። በአራተኛው የመስፈሪያ ቀን አራት ቁናውን እንደ ማንም ሰፈረ፤ እናቲቱም ሃያ ገባች። በማግስቱ ገና ወፍ ሲንጫጫ አምስት ቁና በአህያ ጭኖ መስኮቱ ሥር ቆመ።

መስኮቱ ዝግ ነው። በመስፈሪያው ቀን ማታ ሰፋሪዎቹ የንጉሥ ጠላ ይጠጣሉ፣ በማግስቱ እስከ ረፋድ ይተኛሉ። በዚያ ማለዳ ገብስ ይዞ የመጣ ሰው ከስንት ዘመን ወዲህ አልታየም፤ የመስኮቱ ማጠፊያ ዝጎ ተጣብቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። ጫንያለው ግን ከኪሱ የኑግ ዘይትና ትንሽ መዶሻ አወጣ፤ ዘይቱን ጠብ ጠብ አድርጎ ማጠፊያውን መታ መታ ሲያደርገው መስኮቱ ራሱ ተከፈተ። ውስጥ የተኛው ሰፋሪ ዓይኑን እያሸ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው? እሳት ነው?»

«ገብስ ነው። አምስት ቁና፤ ከእናቲቱ ላይ።»

ሰፋሪው ሰማዩን አየ፣ ዋርካውን አየ። ጮራው ገና ጫፉ ላይ ነው። «ከእናቲቱ ላይ» ብሎ ደገመ። ጫንያለው እጁን ከቁናው ላይ አነሣ።

እናቲቱ አሥራ አምስት ገባች። በአምስተኛው ወር ልጆቿ የበሉት ሁለት ቁና ብቻ ነው፤ አሥራ ሦስት ቀረች፣ በማግስቱ ማለዳ አምስት ተነሥቶላት ስምንት። በስድስተኛው ልጆቿ አንድ ቁና በሉ፤ አምስት ቀረች። ያን ጊዜ ግን መጋዝ የሌለው አናጢ ምን ሥራ ያገኛል? ለማግስቱ ያገኘው አንድ ቁና ተኩል ነው፤ እሱንም አስገባ። ሦስት ቁና ተኩል ቀረች። አንጓች ሆዷ ገፍቶ መቀመጥ አቅቷት ነበር። በየቀኑ ሰሌኑን ታየዋለች።

ሰባተኛው የመስፈሪያ ቀን ደረሰ። አገሬው ሁሉ ገብሱን ይዞ በቤተ መንግሥቱ አጥር ሥር ተሰልፏል። አጥሩን አልነገርኳችሁም ለካ። የቤተ መንግሥቱ አጥር ከዳር እስከ ዳር መዝጊያ ነው፤ በመያዣ የተያዙት መዝጊያዎች ጎን ለጎን ተቸክለው ቆመዋል። ዋንዛው፣ ጽዱ፣ ወይራው፣ ያያቶቻቸው ሳይቀር። ሕዝቡ በየወሩ መዝጊያውን ከሩቅ አይቶ ይመለሳል።

የጫንያለው አራት ቁና ተሰፈረ። ግማሽ ቁናዋን ልጆቹ በሉ፣ ሦስት ቁና ተኩሉ እናቲቱን ጨረሳት። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ደርቆ ቀረ፤ «አለቀ» የሚለውን ቃል ጽፎ አያውቅም ነበር። አባ ቆይ ተጠራ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ፣ ጌታዬ።»

«ከጊዜው በፊት የጨረሰ ሰው» አለ አባ ቆይ በለዘበ ድምፅ፣ «ንጉሡ ሊያገኙት የነበረውን አስቀርቷል። የጥድፊያ ካሳ ሁለት ቁና አለብህ። ከሌለህ ችግር የለም፤ ነገ ና። ወይም በመጪው መስፈሪያ።»

ጫንያለው ከእጁም ከቤቱም አንዲት ፍሬ አልቀረውም። እዚያው ቆሞ ሳለ ጎረቤታቸው ዝማም ሰልፉን እየሰነጠቀች መጣች። «ምጧ መጥቷል! ቶሎ በል!» አለችው፤ ከዚያም የሆነውን ስትሰማ ከሹሙ ጋር አንድ ቃል ሳትመላለስ ወደ ኋላዋ ሮጠች። ስትመለስ በራሷ ላይ ስልቻ ተሸክማለች።

«አንጓች ናት የላከችው። የአራስነቷ ገንፎ ገብስ ነው፤ ሁለት ቁና ትሆናለች። ‹ገንፎው ይቅርብኝ፣ መዝጊያዬን› ብላለች።»

ጫንያለው ስልቻውን ሲቀበል አለቀሰ፤ ሰዉ ሁሉ እያየው አለቀሰ። ሰፋሪው ሰፈረ። ሞላች።

ከዚህ በኋላ አባ ቆይ ምን ይበል? ደንቡ ደንብ ነው። ጫንያለው ወደ አጥሩ ሄደ፤ አንጓዋን ከሩቅ ለይቶ ያውቃታል። መዝጊያውን ከችካሉ ነቅሎ፣ እንደ ወሰደው አድርጎ፣ በትከሻው ተሸከመው። አጥሩ ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ሕዝቡ ወደ ውስጥ ሲያይ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ያየውም የትዕግሥት ጎተራን ነው፤ ክዳን የሌለው፣ ዝናብ ያበሰበሰው፣ ገብሱ እላዩ ላይ የበቀለበት። መብረር ያቃታቸው የሰቡ ርግቦች ጉብ ጉብ ብለው ይለቅማሉ።

ሰልፉ ላይ ማንም አልጮኸም። አንዲት ባልቴት ብቻ ጎኗ ወዳለው ሰው ዞራ፣ «ያ አናጢ ምራቂውን የሚያስገባው መቼ ነበር?» አለች። ሰውየው ለጎረቤቱ ጠየቀ፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ። ጥያቄው እንዲህ እየተላለፈ እስከ አያ ውቤ ደጅ ደረሰ።

ጫንያለው ሰሌኑን ቀዶ ጣለው። መዝጊያውን ማጠፊያው ላይ ሲሰካ አንጓች ውስጥ ታቃስታለች፣ ሴቶቹም ማርያም ማርያም ይላሉ። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ገፋው፤ ቀጭ አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕፃኑ ጮኸ፣ ሰባት ጊዜ እልል ተባለ። ስሙን በጊዜው አሉት። ጎረቤት ሁሉ ያለውን የገብስ ዱቄት በእፍኝ በእፍኝ አዋጥቶ ስለነበር የአንጓች ገንፎም አልቀረባትም።

እልልታውን አባ ቆይም ሰማ። መዝገብ ያልገባ ልጅ በዘመኑ ስላልነበረ ጸሐፊውን አስከትሎ ራሱ መጣ። እንደ ልማዱ ሰሌን ሊገልጥ እጁን ሲሰድ ዋንዛው ገታው። ገፋ አደረገው፤ አልነቃነቅም አለ። ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞረ፣ ጸሐፊው ወደ ሹሙ። የተዘጋ ቤት ሲያጋጥም ምን እንደሚደረግ ሁለቱም አያውቁም። ብዙ ቆይቶ አባ ቆይ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ቤቶች!» አለ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

«ማነው?» አለች አንጓች ከአራስ መኝታዋ።

«እኔ ነኝ። የነገ ሹም።»

ከውስጥ ሕፃኑ ጡት ሲጠባ ይሰማል።

«ነገ ይምጡ» አለችው።